«የጀበና አንገት» ወይስ «ጠባብ አንገት»? የጣና ዳር የአርኪዮሎጂ መረጃን በማርክአፕ ስለማደራጀት

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ተቀምጠን ከዘጌ እስከ ጎርጎራ በሦስት በጋ የሠራነው የአርኪዮሎጂ ዳሰሳና ሁለት ትንንሽ የሙከራ ቁፋሮ አለን። መረጃው በደብተር፣ በዎርድ፣ በኤክሴልና በስልክ ፎቶ ተበታትኗል። ከክልሉ የባህል ቢሮም ከውጭ አጥኚዎችም ጋር ልንጋራው እንፈልጋለን። «በኤክስኤምኤል አድርጉት» የሚሉን አሉ። ሁሉንም ወደዚያ እንገልብጠው? ከየት እንጀምር? አማርኛውስ አያስቸግርም?

መልስ፦ ሁሉንም አይገልብጡ። የዳሰሳ ሥራ ግማሹ ቆጠራ ነው፤ ቆጠራ ደግሞ ሠንጠረዥ ይስማማዋል። ከአንድ ጉድጓድ የወጣን የገል ብዛትና ክብደት በታግ (ስም ባለው ምልክት) መክበብ ፋይሉን ከማስረዘም በቀር ትርፍ የለውም። ማርክአፕ የሚያስፈልገው አንዱ ነገር በሌላው ውስጥ ሲያድር (ቦታ፣ ጉድጓድ፣ ንብርብር፣ ግኝት)፣ መረጃው በረጅም ጽሑፍ ውስጥ ሲቀበር (የዕለት ማስታወሻ፣ የግድግዳ ላይ ጽሑፍ)፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት ሰው ሁለት ፍቺ ሲሰጥ ነው። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ስለሆነ ብዙውን ጊዜዬን እዚያ ላይ አጠፋለሁ።

ማርክአፕ ማለት በጽሑፉ ውስጥ «ይህ ቃል ምን እንደሆነ» የሚናገር ምልክት ማስገባት ነው። የብራና ጸሐፊ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ሲጽፍ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ አንባቢው ገና ሳያነብ ስሙን ያያል። የቀይ ቀለሙ ችግር ግን ስም መሆኑን ብቻ እንጂ የማን ወይም የምን ስም እንደሆነ አለመናገሩ ነው። በዎርድ ቃልን ማድመቅም ከዚህ አያልፍም። በኤክስኤምኤል ምልክቱ ራሱ ስም አለው፤ ስሙንም የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። የሥራው ክብደት ያለውም ስም መስጠቱ ላይ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ደብተሩ ላይ «የጀበና አንገት ስባሪ፣ 1» የሚል መስመር አለ እንበል። መስመሩ አጭር ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሦስት ነገር ተጨፍልቋል፦ ያያችሁት (ጠባብ የሸክላ አንገት)፣ የገመታችሁት (ጀበና) እና ግምቱ ሳትናገሩት የሚያስከትለው ዘመን። ጀበና ከተባለ ቡና አለ፤ ቡና በዚህ አካባቢ በዚህ መልክ ከመቼ ጀምሮ ተጠጣ የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ የምርምር ጥያቄ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው መዝገቡን አንብቦ «በሦስተኛው ንብርብር ጀበና ተገኝቷል» ብሎ ቢጽፍ የእናንተን ግምት እንደ ማስረጃ ቆጠረው ማለት ነው። ስለዚህ ምልከታና ፍቺ በአንድ ታግ ውስጥ እንዳያድሩ ያድርጉ፦

<ገል መለያ="ገ00412" ንብርብር="ን014">
  <ቁስ>ሸክላ</ቁስ>
  <ክፍል>አንገት</ክፍል>
  <ልክ ዓይነት="የውስጥ ስፋት" መጠን="3.1" መለኪያ="ሳሜ"/>
  <ምልከታ ማን="ሰ2">ውጭው ጥቁር፣ የተወለወለ፤ ጥላሸት የለውም።</ምልከታ>
  <ፍቺ ማን="ሰ1" እርግጠኝነት="ዝቅተኛ">ጀበና</ፍቺ>
  <ፍቺ ማን="ሰ3" እርግጠኝነት="መካከለኛ">የጠላ መቅጃ</ፍቺ>
</ገል>

ሁለቱ ፍቺዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው ጉድለት አይደለም። የአንድምታ መምህር «አንድም» እያለ የሚደረድረው አንዱን ለመሰረዝ አይደለም፤ እዚህም ዘዴው ያው ነው። ልዩነቱ እዚህ እያንዳንዱ «አንድም» ባለቤት ያስፈልገዋል። «ማን» የሚለው አትሪቢዩት (በታጉ ውስጥ የሚጻፍ ተጨማሪ መግለጫ) ወደ አንድ የሰዎች ዝርዝር ያመለክታል፤ ስሙን በየመስመሩ መጻፍ አያስፈልግም፣ የሰውዬው ስም አጻጻፍ ሲታረምም አንድ ቦታ ብቻ ይታረማል። ቁጥሩና መለኪያው እንዴት እንደተለያዩም ልብ ይበሉ። «3.1ሳሜ» ተብሎ ተጣብቆ የተጻፈ ልክ አይደረደርም፣ አማካይም አይወጣለትም።

በነገራችን ላይ እያንዳንዷን ገል እንዲህ አይመዝግቡ። አፍ፣ አንገት፣ ቂጥ፣ ጆሮ ወይም ጌጥ ያላት ብቻ የራሷ መዝገብ ይኑራት፤ የቀረው የገላ ስባሪ በንብርብር ተቆጥሮና ተመዝኖ ወደ ሠንጠረዥ ይሂድ። ሠንጠረዡና ኤክስኤምኤሉ የሚገናኙት በንብርብሩ መለያ ነው።

ለቦታም ለግንባታም ያው ሕግ ይሠራል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን የአላታን ድልድይ ሰው «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል፤ ግንባታው ግን የሚሰጠው ለአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው፤ ያሠሩትም ንጉሡ ናቸው። በጣና ዳርም በኖራ የተገነባ አሮጌ ግንብ ሁሉ «የፖርቱጋሎች» መባሉ የተለመደ ነው። ይህን ስም አይጣሉት፤ የአካባቢው ስም ራሱ መረጃ ነው። «የአካባቢ ስም» በሚል ታግ ያስቀምጡት፣ «ገንቢ» እና «ዘመን» ከተባሉት ጋር ግን አያቀላቅሉት። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚሲዮናውያን) ግንባታ በእርግጥ በነበረበት በጎርጎራ ይህ ጥንቃቄ በእጥፍ ይፈለጋል። የእውነተኛውና የስያሜው «ፖርቱጋል» በአንድ ታግ ከገቡ በኋላ የሚለያቸው የለም።

ስለ መለያ ቁጥር። መለያ ትርጉም አይሸከም። የወረዳ ስም ያለበት መለያ ወረዳው ሲከፈል ወይም ስሙ ሲቀየር ይዋሻል፤ የዓመት ቁጥር ያለበትም ግኝቱ በኋላ ወደ ሌላ ዙር ሲዛወር እንዲሁ። በተራ ይቁጠሩ፣ ዜሮ ይሙሉ፦ 7 ሳይሆን 0007፤ አለበለዚያ ኮምፒውተሩ 1፣ 10፣ 11፣ 2 እያለ ይደረድራል። በኤክስኤምኤል እንደ መለያ የታወጀ ዋጋ በአኃዝ አይጀምርም፣ ክፍት ቦታና ሕዝባር አይቀበልም፤ ፊቱ ላይ አንድ ፊደል ያስቀድሙ። የተሰረዘ መዝገብ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም። ግኝቱ በተጠቀለለበት ፕላስቲክ ላይ የተጻፈውና ፋይሉ ውስጥ ያለው መለያ በአንድ ፊደል እንኳ መለያየት የለበትም። ይህ የኮምፒውተር ሳይሆን የጠቋሚ እስክሪብቶ ችግር ነው፤ ይሁን እንጂ ከሁሉ የሚበዛው ስህተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ቁፋሮው። ኤክስኤምኤል ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፍ ከአንድ ግንድ ብቻ ይወጣል። ቦታ ውስጥ ጉድጓድ፣ ጉድጓድ ውስጥ ንብርብር፣ ንብርብር ውስጥ ግኝት፤ እስከዚህ ድረስ ዛፉ ያምራል። የንብርብሮቹ የእርስ በርስ ዝምድና ግን ዛፍ አይደለም። አንድ ንብርብር በሁለት ላይ ይተኛል፣ ሦስተኛውን ይቆርጣል፣ በአራተኛው ይሞላል። አርኪዮሎጂስቱ ኤድዋርድ ሃሪስ በ1973 እ.ኤ.አ. የነደፈው የንብርብር ሰንጠረዥ መረብ የመሰለውም ለዚህ ነው። ይህን አንዱን በሌላው ውስጥ በማስገባት ለመግለጽ አይሞክሩ፤ ጠቋሚ ይጠቀሙ፦

<ንብርብር መለያ="ን014">
  <ዓይነት>ሙሌት</ዓይነት>
  <ዝምድና ዓይነት="ከላይ" ለ="ን015"/>
  <ዝምድና ዓይነት="ይሞላል" ለ="ን016"/>
</ንብርብር>

ዝምድናውን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይመዝግቡ። ን014 ከን015 በላይ ነው ካሉ «ን015 ከን014 በታች ነው» ብለው አይድገሙት፤ ያንን ማሽኑ ያወጣዋል። ሁለቱም ወገን በእጅ የተጻፈበት መዝገብ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እርስ በርሱ መጣላቱ አይቀርም፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ ጉድጓዱ ነበር፣ እሱም ተደፍኗል። አንድ ፍተሻ በየቀኑ ያድርጉ፦ ሀ ከለ በላይ፣ ለ ከመ በላይ፣ መ ከሀ በላይ የሚል ቀለበት አለ? ካለ አንዱ ዝምድና ስህተት ነው። ይህን በአጭር ስክሪፕት ማውጣት ይቻላል። ጉድጓዱ ክፍት እያለ ከተገኘ በ5 ደቂቃ ይታረማል።

ፎቶም እንዲሁ በጠቋሚ ነው፤ አንድ ፎቶ አራት ንብርብር ያሳያልና። ምስሉን ራሱን ኤክስኤምኤሉ ውስጥ አይክተቱት። ወደ ጽሑፍ ኮድ የተቀየረ ምስል መጠኑ በሲሶ ገደማ ይጨምራል፣ ፋይሉም በአርታዒ አይከፈት ይሆናል። የፋይሉን ስም ብቻ ይጻፉ።

ብዙ ቡድን የሚረሳው ደግሞ ባዶ ነው። «ገል» የሚለው ዓምድ ባዶ ከሆነ ምን ማለት ነው? ተፈልጎ አልተገኘም? መሬቱ አይታይም ነበር? ወይስ መዝጋቢው ረሳው? በዘጌ የቡና ደን ሥር ቅጠሉ መሬቱን ይሸፍነዋል፤ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እምቦጭ የተከማቸበት ቦታ ላይ ዳሩ ራሱ አይታይም፤ የታረሰ ማሳ ግን ሁሉን ያሳያል። ሦስቱ ዘንድ «ምንም የለም» የሚለው ቃል እኩል ሚዛን የለውም። ስለዚህ «አልተገኘም»፣ «አልታየም»፣ «አልተመዘገበም» የሚሉ ሦስት የተወሰኑ ዋጋዎችን ያውጁና ባዶ መተውን ይከልክሉ። ከዚያ ጋር የመሬቱን የዕይታ መጠን በመቶኛ ይመዝግቡ፤ 0፣ 25፣ 50፣ 75 እና 100 ይበቃሉ፤ ከዚህ የረቀቀ ግምት በዓይን አይገኝም።

ቀን። የኢትዮጵያ አቆጣጠር እዚህ ላይ ወጥመድ ነው፤ ወጥመዱ ደግሞ ድምፅ የለውም። መዝጋቢው ጥር 15 ቀን 2012 ዓ.ም.ን «2012-05-15» ብሎ ቢያስገባ ማሽኑ ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበለዋል፤ የሚያነበው ግን እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 2012 ብሎ ነው። ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ስህተት «ትክክል» የሚል ምልክት ተሰጥቶት ያልፋል። ማሽኑ የሚጮኸው በጥቅምት መጨረሻና ጳጉሜ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም፣ 13ኛ ወርም አያውቅምና። መፍትሔው በደብተር የተጻፈውን እንዳለ ትቶ ማሽን የሚያነበውን በአትሪቢዩት ማስቀመጥ ነው፦

<ቀን መደበኛ="2020-01-24">ጥር 15 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት</ቀን>

መቀየሪያ ፕሮግራም ስትመርጡ በጥምቀት ይፈትኑት። ጥር 11 ቀን 2012 ጃንዋሪ 20 ቀን 2020 ሊወጣ ይገባል፤ ጥር 11 ቀን 2013 ደግሞ ጃንዋሪ 19 ቀን 2021። ሁለቱንም 19 ካለ ሠግር ዓመትን አይቆጥርም፤ ይጣል። ወር የሌለው ዓመት ብቻ ከሆነ ወደ አንድ የአውሮፓ ዓመት አይቀይሩት። 2012 ዓ.ም. ማለት ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2019 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2020 ነው፤ «ከዚህ አይቀድምም»፣ «ከዚህ አያልፍም» በሚሉ ሁለት አትሪቢዩቶች ይጻፍ። ሰዓቱንም አይርሱ፤ ደብተሩ 3 ሰዓት ሲል ካሜራው 9:00 ይላል፣ ፎቶና ማስታወሻ ስታዛምዱ 6 ሰዓት ይጎድላል።

ዘመንም ቃል ብቻ ከሆነ አይጋራም። «የጎንደር ዘመን» አንዱ ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ከ1636 እ.ኤ.አ. ይጀምራል፣ ሌላው አፄ ሱስንዮስ ከነገሡበት ከ1607። ልዩነቱ 29 ዓመት ነው፤ የጎርጎራ ግንባታዎች ደግሞ የሚወድቁት በዚያው 29 ዓመት ውስጥ ነው። የዘመን ዝርዝራችሁ ለእያንዳንዱ ስም መጀመሪያና መጨረሻ ዓመት ይኑረው፤ መዝገቡ ወደዚያ ዝርዝር ይጠቁም።

መገኛ ቦታ። የኢትዮጵያ 1:50,000 ካርታዎች የቆዩት በአዲንዳን ዳተም (የካርታ መለኪያ መነሻ) ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ስልክና ጂፒኤስ የሚሰጡት ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ነው። በባሕር ዳር አካባቢ አንድ ነጥብ በሁለቱ ሲጻፍ የምሥራቅ ቁጥሩ በ90 ሜትር ገደማ፣ የሰሜን ቁጥሩ በ200 ሜትር ገደማ ይለያያል። ሜዳ ላይ ቢሆን ያበሳጫል፤ ሐይቅ ዳር ላይ ግን የመቃብር ቦታችሁ ውኃ ውስጥ ይገባል። ዳተሙ ያልተጻፈበት ኮኦርዲኔት ቁጥር እንጂ ቦታ አይደለም። በየመዝገቡ ዳተሙንና ዞኑን (ለዚህ አካባቢ ዩቲኤም 37 ሰሜን) እንደ ግዴታ አትሪቢዩት ያውጁ።

የኬክሮስና የኬንትሮስ ቅደም ተከተልም ያሳስታል። ከካርታ ፋይል ቅርጾች ኬኤምኤል ኬንትሮስን ያስቀድማል፤ ጂኤምኤል በተለመደው የደብሊውጂኤስ 84 ኮድ ሲጻፍ ኬክሮስን ያስቀድማል። ባሕር ዳር 11.6 ሰሜን፣ 37.4 ምሥራቅ ናት፤ ብትገለብጧት ከቱኒዚያ ወደ ሲሲሊ ስትሻገሩ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ታገኟታላችሁ። ከቀለዱ አይቀር ጥሩ ፍተሻ ነው፦ ካርታው ላይ ሰማያዊ ባሕር ከመጣ ተገልብጧል። የአሥርዮሽ አኃዝ ደግሞ አያብዙ፤ አምስተኛው አኃዝ 1 ሜትር ገደማ ነው፣ የስልክ ጂፒኤስ ከዚያ በላይ አያውቅም። «ከሐይቁ ዳር 40 ሜትር» የሚል ማስታወሻ ካለ ወሩን ይጨምሩበት፤ ዳሩ በክረምትና በበጋ ቦታውን ይቀይራል፣ ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ዓባይ በሚወጣበት አፍ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ግድብ የውኃውን ልክ ይወስናል።

አማርኛውስ? ይዘቱ አያስቸግርም፤ ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ፊደላት አቀማመጥ) እስከተቀመጠ ድረስ። የታጎቹ ስም ግን ታሪክ አለው። ኤክስኤምኤል 1.0 በ1998 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የስም ፊደላትን የወሰነው በዩኒኮድ 2.0 ነበር፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ነው። ስለዚህ በአማርኛ የተሰየመ ታግ ስህተት ነበር። በ2008 የወጣው አምስተኛው እትም ይህን ፈታው፤ ሆኖም እስከ ዛሬ አንዳንድ አንባቢ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በአሮጌው ሕግ ነው፣ በጃቫ የተጻፈው ዜርሲስ አንዱ ነው። ውጤቱ በእናንተ ኮምፒውተር የሚከፈት ፋይል በተቀባዩ ዘንድ አለመከፈቱ ነው። ከላይ ያሉትን ምሳሌዎች በአማርኛ ታግ የጻፍኩት ለማንበብ እንዲመች ነው፤ ለሚጋሩት ፋይል የታጉንና የመለያውን ስም በላቲን ፊደል ያድርጉ፣ ይዘቱ አማርኛ ይሁን። መዝጋቢዎቹ ላቲኑን ማየት የለባቸውም፤ የመሙያ ቅጹ በአማርኛ ሆኖ ከጀርባ ይተረጎማል።

ከዚያ የሚከብደው አጻጻፍ ነው። ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባሕርዳር፤ ለዓይን አንድ፣ ለማሽን ሦስት ከተማ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ በየመዝጋቢው እጅ ይለዋወጣሉ። ሁሉም ሰው «ትክክለኛውን» እንዲጽፍ ማስገደድ አይሳካም። ለቦታ፣ ለዕቃ ዓይነትና ለቁስ ዝግ ዝርዝር አውጥተው ከዝርዝሩ እንዲመርጡ ያድርጉ፤ ዝርዝሩ አንድ የተመረጠ አጻጻፍና ሌሎቹን አማራጮች ይያዝ። በነፃ ጽሑፍ ውስጥ ግን የተጻፈውን አይንኩ፤ ፍለጋው ብቻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት አንድ አድርጎ ይቁጠር። ሁለት ነጥቡን «፡» በላቲኑ «:» ቦታ ማስገባትም የተለመደ ስህተት ነው፤ ለዓይን አይለይም፣ ፋይሉን ግን ያበላሻል። የድሮ ዘገባዎች ዩኒኮድ ባልሆነ የግዕዝ ፎንት ከተጻፉ መጀመሪያ ይቀየሩ፤ ከዚያ ሰው ያንብባቸው፤ በመቀየር ላይ ዲቃላ ፊደላትና የግዕዝ አኃዞች ይሳሳታሉ። ከሠንጠረዥ ወገን ደግሞ ሲኤስቪ ፋይልን (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ሠንጠረዥ) በቀጥታ ጠቅ አድርገው በኤክሴል አይክፈቱ፤ አማርኛው ወደ ትርጉም የለሽ ምልክት ሊለወጥ፣ «3-5» የተባለው የጥልቀት ልክም ሳይጠየቅ ወደ ቀን ሊቀየር ይችላል። በመረጃ ማስገቢያ ምናሌው በኩል ዩቲኤፍ-8 መርጠው፣ ዓምዱን ጽሑፍ ብለው ያስገቡ።

ለጽሑፍ ቅርስ ግን የራሳችሁን ታግ አትፍጠሩ። የግድግዳ ሥዕል መግለጫ፣ የድንጋይ ጽሑፍ፣ የብራና ኅዳግ ማስታወሻ ካላችሁ ቲኢአይ (ለጽሑፍ የተዘጋጀ የኤክስኤምኤል ደረጃ)፣ ለተቀረጸ ጽሑፍ ደግሞ ከእሱ የወጣው ኤፒዶክ አለ። የተነበበውን፣ የደበዘዘውን፣ የጠፋውንና አጥኚው ከራሱ የሞላውን ይለያል፤ ይህም ያው የምልከታና የፍቺ ጉዳይ ነው። «ሦስት ፊደል ጠፍቷል» ሲሉ መለኪያው ፊደል መሆኑን ይጻፉ፤ የውጭ አንባቢ ተነባቢ ብቻ የሚቆጥር ሊመስለው ይችላል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎችን በቲኢአይ ይመዘግባል፣ የቦታ መዝገብም አለው፤ የገዳም ስም ስትመዘግቡ የእነሱን መለያ ጎን ለጎን ያስገቡ፣ ነገ መረጃው በአንድ ትዕዛዝ ይገናኛል።

ለቁፋሮው መዝገብ ግን ትንሽ የቤት ስኪማ (የታጎች ሕግ) አልቃወምም፤ ከ30 ታግ ካላለፈና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የማዛመጃ ሠንጠረዥ ካለው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተነደፈው አርኪዮኤምኤል ለአርኪዮሎጂ ተብሎ የተሠራ ነበር፤ ኦፕን ኮንቴክስት የተባለው የመረጃ ማሳተሚያ በእሱ ላይ ጀምሮ በኋላ ወደ ሌላ ቅርጽ ዞሯል። መረጃው አልጠፋም፣ ምክንያቱም የተከፋፈለው በደንብ ነበር። የማዛመጃው ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ታጋችሁ በሌላው ዘንድ ምን እንደሚባል ይናገር፦ የሙዚየም ዕቃ ወደ ሊዶ፣ መገኛ ወደ ጂኤምኤል፣ አጠቃላይ መግለጫ ወደ ደብሊን ኮር 15 ክፍሎች፣ ትርጉሙ ወደ ሲዶክ ሲአርኤም። የመጨረሻው ዓለም አቀፍ ደረጃ (አይኤስኦ 21127) ሲሆን ነገርን ሳይሆን ድርጊትን ያስቀድማል፦ ተሠራ፣ ተሰበረ፣ ተጣለ፣ ተቆፈረ፣ ተለካ። ታጋችሁ ከእነዚህ የየትኛው ድርጊት ውጤት እንደሆነ መናገር ካቃታችሁ ታጉ ሁለት ነገር ይዟል፤ ይከፈል።

ለቢሮውም ለውጭውም አንድ ፋይል አይላኩ። «ምስጢር» የሚል አትሪቢዩት ምስጢር አይጠብቅም፤ ፋይሉን የላከ ሁሉንም ልኳል። ከዋናው ፋይል በኤክስኤስኤልቲ (የኤክስኤምኤል መቀየሪያ ቋንቋ) የሕዝብ ቅጂ ይውጣ፦ ያልተጠበቁ ቦታዎች ኮኦርዲኔት እስከ ሁለት አሥርዮሽ ተቆርጦ (1 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ የመረጃ ሰጪዎች ስም ተነስቶ። ቅጂው ከወጣ በኋላ ከፍተው የአንዱን ቦታ ሙሉ ቁጥር ይፈልጉበት፤ ከተገኘ ቅየራው አልሠራም። ፎቶዎቹ ውስጥም ስልኩ የጂፒኤስ ነጥብ ይደብቃል፤ ለብቻው ይነቀል። ለደሴት ገዳማት ግን ቁጥር መቁረጥ ፋይዳ የለውም፤ «ክብራን» ከተባለ ቦታው ታውቋል። ስለዚህ የዕቃ ቤት ዝርዝር ጨርሶ በሕዝብ ቅጂ አይግባ፣ በውስጥ ቅጂም የሚገባው ገዳሙ ሲፈቅድ ነው። የጥናት ፈቃዱ ራሱ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚመራ ስለሆነ የፈቃዱን ቁጥር በፋይሉ ራስጌ ያስቀምጡ፤ ተቀባዩ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ከኤክስኤምኤል ተጨማሪው ጋር በነፃ ይሠራል፤ ኦክስጅን የሚከፈልበት ነው፣ ለቲኢአይ ግን ይመቻል። ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚሠራ ይምረጡ። ፋይሉን በቦታ ይክፈሉት፣ አንድ ቦታ አንድ ፋይል፤ ሁለት ሰው በአንድ ግዙፍ ፋይል ላይ ሲሠራ የአንዱ ሥራ ይጠፋል። ቅርጹ የተስተካከለና ሕጉን የጠበቀ ፋይል አንድ አለመሆናቸውንም ይወቁ፤ የመጀመሪያው ታጎቹ ተከፍተው መዘጋታቸው ነው፣ ሁለተኛው ከስኪማው ጋር መስማማታቸው። «አፈሩ ከ5 ሳሜ <» ብሎ ምልክቱን በጽሑፍ ውስጥ ማስገባት የመጀመሪያውን ያፈርሳል፤ «ያነሰ» ብለው በቃል ይጻፉ። ስኪማው የማይዘው፣ ለምሳሌ የንብርብሩ ታች ከላዩ ከፍ ማለቱን፣ ስኬማትሮን የተባለው ተጨማሪ የሕግ መፈተሻ ይይዘዋል።

አጀማመሩ እንዲህ ይሁን። ከሁለቱ የሙከራ ጉድጓዶች ትንሹን ይውሰዱ፣ ከደብተሩም ሁለት ገጽ ብቻ። ሁለት ሰው ሳይመካከር፣ በአንድ ስኪማ፣ እነዚያኑ ሁለት ገጾች ለየብቻ ምልክት ያድርጉባቸው። ከዚያ ፋይሎቹን በማወዳደሪያ ፕሮግራም ጎን ለጎን ይክፈቱ። አንዱ «ምልከታ» ያለውን ሌላው «ፍቺ» ያለበት መስመር ሁሉ ይሰመርበት፤ በዚያ መስመር የተሳሳተው ሰው ሳይሆን የታጉ መግለጫ ነው። መግለጫውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንድ የሚገባበትና አንድ የማይገባበት ምሳሌ ጨምረው፣ እንደገና ይጻፉት፤ ሦስተኛው ገጽ ከዚያ በፊት አይነካ።